አሥራ ስድስት በርሜልና አንድ እሺታ

ሐሙስ ጠዋት ሚንዳ ሱንጋ ደብዳቤውን ለስምንተኛ ጊዜ ልታነበው ከኪሷ ስታወጣ፣ ጣቷ ላይ የቀረ የፕላስተር ቁራጭ ከወረቀቱ ጋር ተያያዘ። አላቅቃለሁ ስትል የደብዳቤው ጥግ ተቀደደ። ሳምንቱን ሙሉ የነካችው ነገር ሁሉ እንዲሁ ሆኖባታል፤ ወይ ይጣበቃል፣ ወይ ይቀደዳል።

ኤልመር ዛሬ ይሄዳል። ከቀኑ በስምንት ሰዓት አውቶቡስ ወደ ማኒላ፣ ከዚያ ወደ መርከቡ፣ ከዚያ አሥር ወር ባሕር ነው። የጭነት መርከብ መሐንዲስ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሄድና ሲመጣ፣ በመጣ ቁጥር ያቺኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ እሷም በተጠየቀች ቁጥር "ፋኖሱ ይለፍና" ትለዋለች። ፋኖሱ ያልፋል፣ እሱም ይሄዳል፣ ሌላ ፋኖስ ይጀመራል። ዘንድሮ ግን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ "ከእንግዲህ አልጠይቅሽም" የሚል አለ።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ደግሞ የማርሽ ባንዱ ለመጨረሻው ሙከራ ይመጣል። ቅዳሜ የገና ፋኖሶች ውድድር ነው፤ በሳን ፈርናንዶ የሰፈር ስም የሚነሳውም የሚወድቀውም በዚያች ዕለት ነው። ሚንዳ በምትመራው መጋዘን ውስጥ የቆመው ፋኖስ ቁመቱ ከቤቷ ጣሪያ ይበልጣል። ሰባት ሺህ አምፖል አለው። ከጀርባው አሥራ ስድስት የብረት በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ከየአምፖሉ የሚመጣው ሽቦ ጫፉ ላይ የሴት የፀጉር ማስያዣ ታስሮበት በርሜሉን እየነካ ይቆማል። በርሜሉ በእጅ ሲዞር፣ ፕላስተር የተለጠፈበት ቦታ ጨለማ ነው፣ ባዶው ብረት ብርሃን። የፋኖሱ ጭፈራ እንግዲህ ያለው ፕላስተሩ ላይ ነው። ፕላስተሩን ደግሞ ከሚንዳ እጅ በቀር የሚያምነው የለም፤ ይህን ያለችው ራሷ ሚንዳ ናት።

"ዘጠነኛውን በርሜል ማን ነካው?" አለች ዶሪ።

ዶሪ የአክስቷ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት በዚህ መጋዘን ሠርታለች፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ከእጇ ይቀድማል።

"እኔ ነኝ" አለች ሚንዳ።

"ትናንት እኔ የለጠፍኩትን?"

"ትንሽ ተዛንፎ ነበር።"

"በስንት?"

ሚንዳ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ አሳየቻት። በመሃላቸው የሩዝ ፍሬ አያልፍም።

"እትዬ ሚንዳ፣ እኔ ለጥፌ አንቺ የምትልጪ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው አንቺ ለጥፊውና እኔ ቁጭ ብዬ ልይሽ። ቢያንስ ወገቤ ያርፋል።"

"ቅዳሜ እኮ ሕዝብ ፊት ነው የምንቆመው፣ ዶሪ።"

"እኔስ የት ነው የምቆመው? ደመና ላይ?"

ሽቦ የሚያስሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ሚንዳ አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች፣ አራት ተኩል። በርሜሎቹን ቆጠረች፣ አራት ይቀራሉ። እንደገና ሰዓቷን አየች፤ ያው አራት ተኩል ነው።

እሑድ የሆነው ነገር ከዓይኗ አልጠፋም። በእነሱ አገር ወንድ ልጅ ላግባ ሲል፣ ቤተሰቡ ምግብ ይዞ የሴቷን ቤት ደረጃ ይወጣል። የሚወጣው የወንዱ ወገን ነው፤ የሴቷ ወገን ከላይ ሆኖ ይቀበላል። የኤልመር እናት ዶኛ ኮንሱዌሎ ላክሳማና ይህን ደረጃ ላለመውጣት ዘጠኝ ዓመት ታግለዋል። ባላቸው የሸንኮራ አገዳ ባለርስት ልጅ ነበሩ፤ ቤታቸው ዛሬም በሰፈሩ "ትልቁ ቤት" ነው የሚባለው። እጇ እንደ ጋራዥ ሠራተኛ የጠቆረ ምራት አልፈልግም ማለታቸውን ሳን ፈርናንዶ ውስጥ ያልሰማ የለም። ኤልመር ለምኖ፣ ተኮራርፎ፣ እንደገና ለምኖ፣ እሑድ ቀን አመጣቸው።

የሚንዳ ቤት ከመጋዘኑ በላይ ነው፤ አሥራ አንድ የእንጨት ደረጃ አለው። እናትም አባትም ስለሌላት የአባቷ የልብ ወዳጅ ጋሼ ቤርቶ እንደ ሽማግሌ ሆነው ከላይ ተቀመጡ። ዶኛ ኮንሱዌሎ ጉልበታቸውን ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። ሚንዳ ታች ነበረች። ሦስተኛው በርሜል ላይ አንድ የተሳሳተ ረድፍ አይታ "አሥር ደቂቃ" ብላ ላከች። አሥሩ ደቂቃ አርባ ሆነ። በመጨረሻ ዶሪ እየሮጠች ወረደች።

"እትዬ፣ ቃልሽን ይፈልጋሉ። አሁን።"

ሚንዳ በጥርሷ መቀስ እንደነከሰች፣ "እሺ ብላለች በያቸው፤ ቀኑን እነሱ ይቁረጡ" አለች።

ዶሪ ወጥታ እንደተባለችው ተናገረች። ዶኛ ኮንሱዌሎም ብርጭቆአቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ።

"እኔ በዚህ ጉልበቴ አሥራ አንድ ደረጃ ወጥቻለሁ" አሉ። "እሷን በደህና እግሯ አሥራ አንድ ደረጃ አቃታት?"

ሲወርዱ ኤልመር በመጋዘኑ በር ላይ ቆም ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ታውቅበታለች። ሚንዳ ጣቷን አነሳችለት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ እንደማለት። ያቺን ጣት ከማንሳቴ በፊት እጄ በተቆረጠ እያለች አራት ቀን ኖራለች።

ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ነው፤ ያመጣችው ዶሪ ናት።

"ሚንዳ፣ አንቺ በዶሪ ስለላክሽ እኔም በዶሪ ልኬልሻለሁ። በአንዲት ቁራጭ ፕላስተር የማታምኛትን ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት የለመንኩሽን ቃል አሸክመሽ ላክሻት። ቃሉ እሺ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ከአንቺ ግን አልሰማሁትም። መርከብ ላይ ሞተሩን ስጠብቅ የማስበው ድምፅሽን ነበር። አሁን 'እሺ' የሚለውን ሳስብ የሚሰማኝ የዶሪ ድምፅ ነው፤ ዶሪ ደግሞ የዚያን ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር። ሐሙስ በስምንት ሰዓት እሄዳለሁ። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ተቆጥቼ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ኤልመር።"

ጉንፋኗ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ሳቅ ይመጣባታል፤ "ደክሞኝ ነው" ላይ ስትደርስ ሳቁ የት እንደሚገባ አታውቅም።

"አንቺ ልጅ" አሉ ጋሼ ቤርቶ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ የበርሜሎቹን መሪ የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው፣ አባቷም በነበሩበት ዘመን ያዞሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። "ያቺን ወረቀት ታወጫለሽ ትከቻለሽ፣ ታወጫለሽ ትከቻለሽ። እኔን አዞረኝ እኮ።"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ሂጂና ሰውየውን አናግሪው።"

"ብሄድ አራቱን በርሜል ማን ይጨርሳል?"

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም?"

"አባቴም ይህንኑ ሰምቶ ነው የሞተው" አለች ሚንዳ።

ሽቦ የሚያስሩት ሴቶች ሥራቸውን አቆሙ። ነገሩን የማያውቅ የለም። ከስድስት ዓመት በፊት አባቷ ታታንግ ፖንሶ ታመሙና የመጨረሻዎቹን ሦስት በርሜሎች ለወንድማቸው ልጅ ለፓኪቶ ሰጡ። በውድድሩ ዕለት ባንዱ ገና እየተጫወተ ፋኖሱ ግማሽ ፊቱን አጨለመ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ አደባባይ መውጣት ጠሉ። በዓመቱ አረፉ። ፓኪቶም አገር ለቆ ሄደ።

ጋሼ ቤርቶ መሪውን ለቀው መጥተው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

"የፓኪቶ ጥፋት አልነበረም።"

"ምን?"

"ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ። አባትሽ ለልጁ ቁጥር ሰጠው። ሦስት ጣት ለጥፍ፣ ሁለት ጣት ተው፣ አራት ጣት ለጥፍ። ዘፈኑ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚያዘግም ግን አልነገረውም። ልጁ ሲጨንቀው አየሁት፤ ለመጠየቅ ደግሞ ፈራ። ፖንሶ ሥራውን ሰጠው፣ ሐሳቡን ግን ለራሱ አስቀረ። በውድድሩ ቀን ባንዱ ረጋ ሲል የልጁ በርሜሎች ቀድመው ጨረሱ። አለቀ።"

"ስድስት ዓመት ለምን አልነገሩኝም?"

"ወዳጄ ነበራ" አሉ ጋሼ ቤርቶ ወደ መሬት እያዩ። "የሞተ ወዳጅ እንዴት ይታማል?"

ሚንዳ ቀና ብላ ዘጠነኛውን በርሜል አየችው። ከጎኑ፣ ለዶሪ የሰጠቻት ወረቀት ተለጥፏል፤ በራሷ የእጅ ጽሑፍ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት፣ ሁለት ይላል። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል የለበትም። የአባቷ ወረቀት ነው የመሰላት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ዶሪን ጠራቻት።

"ነይ፣ ቁጭ በይ። ስሚኝ።" ዜማውን በአፏ ታንጎራጉርላት ጀመር። "እዚህ ጋ ዘፈኑ ይረጋል። ሰማሽ? እዚህ ላይ ሰው ትንፋሹን እንዲይዝ እፈልጋለሁ። ቀዩ ወደ ዳር ይሸሻል፣ አረንጓዴው ይከተለዋል። መሃል ላይ ያለው ኮከብ የሚነቃው በመጨረሻ ነው። ከእሱ በፊት ምንም ነገር እንዳይነቃ።"

"ስድስት ዓመት ስለጥፍ ይሄ እንደሆነ አላውቅም ነበር" አለች ዶሪ ቀስ ብላ። ከዚያ እንደ ልማዷ እስክሪብቶ አወጣች። "ስንት ጣት ልለጥፍ?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም?"

"ያንቺ ነው። ለጥፊና ጋሼ ቤርቶ ያዙሩልሽ። ኮከቡ ቀድሞ ከነቃ ልጪው። አንቺው ልጪው፣ እኔ አልነካውም።"

"ባንዱ መጥቶ ባልጨርስስ?"

"አስቆሚያቸው። ሻይ አጠጪያቸው። ዛሬ እዚህ ቤት የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ማንንም አታስፈቅጂ።"

ዶሪ ግንባሯን ዳሰሰቻት። "ትኩሳት የለሽም" አለች። ሚንዳ የአባቷን መቀስ ከአንገቷ አውልቃ ስታስይዛት ግን ቀልዱ ጠፋባት፤ መቀሱን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ሚንዳ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። "አሥራ ሁለተኛው ላይ ሽቦው ላላ ብሏል።"

"አይቼዋለሁ።"

ወጥታ እንደገና ተመለሰች። "ፕላስተሩ ካነሰ..."

ዶሪ ተነስታ የመጋዘኑን በር ከውስጥ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

ባጃጁ ውስጥ ሚንዳ እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋት። ሰፈሩ በሙሉ የተሰለፈባት ይመስል መንገዱ አልንቀሳቀስ አለ፤ የከሰል ጥብስ ጭስ፣ የተማሪ ሰልፍ፣ የፋኖስ ፍሬም የጫነ መኪና። አንድ ጊዜ ስልኳን አውጥታ የዶሪን ቁጥር ፈለገች፣ ከዚያ አልደወለችም። ወደ መናኸሪያው ልሂድ ወይስ ወደ ቤቱ ብላ ከራሷ ጋር ስትከራከር፣ ባጃጁን ትልቁ ቤት በር ላይ አስቆመችው።

የላክሳማናዎች ደረጃ ሃያ ሁለት ነው። በልጅነቷ ከአጥር ውጭ ሆና ቆጥራዋለች። ሴት ልጅ፣ ያውም ያልታጨች፣ የወንዱን ቤት ደረጃ በራሷ ፈቃድ ስትወጣ ታይቶ አይታወቅም። ጎረቤት የምትጠርገው ሴትዮ መጥረጊያዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። ሚንዳ እጇን እንኳ አልታጠበችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ወጣች። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ዶኛ ኮንሱዌሎ እሑድ የወጡት ይህን ያህል ነበር። ቀሪውን አሥራ አንድ ሳትቆጥር ወጣችው።

ዶኛ ኮንሱዌሎ ከላይ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም አልፈቀደልኝም።"

"ይሄ ደረጃ ሴት የምትወጣው አይደለም፤ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። እርስዎ ግን የኔን ወጥተው ነበር፤ እኔ አልወጣሁም። እሱን ልክስ ነው የመጣሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አሮጊቷ ሴት ቁልቁል አዩዋት። ዓይናቸው እጇ ላይ ነበር፤ ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር እድፍ አለ፣ ጣቶቿ ላይ የፕላስተር ቁራጭ አለ።

"ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል" አሉ በመጨረሻ።

"ያምዎት ይሆን ብዬ አራት ቀን ሳስብ ነበር።"

"ልጄ ሄዷል። ቀደም ብሎ መሄድ ይወዳል፤ ሰው እንዳይሸኘው።" ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ። "ልደውልለትና እሺ ብላለች ልበለው?"

ሚንዳ ስልኩን አየችው። ሰዓቱ ሰባት ከአርባ ይላል። አንዲት ቃል ናት፣ በአንድ ደቂቃ ትደርሳለች።

"አይሆንም" አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህችን በእርስዎም አልክም።"

ዶኛ ኮንሱዌሎ ስልኩን መለሱ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነው የሚባል ነገር አልታየም፤ ግን ከበሩ ዘወር አሉ፣ መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

"ሾፌሬ ታች አለ" አሉ። "እጅሽን ወንበሩ ላይ እንዳታሳርፊ።"

ሚንዳ ደረጃውን ስትወርድ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አታውቅም ነበር።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ረዳቱ "ማኒላ፣ ማኒላ፣ አንድ ሰው" እያለ ይጣራል። ኤልመር በአምስተኛው ረድፍ መስኮት በኩል ተቀምጧል፣ ሻንጣው ጉልበቱ ላይ ነው። ሚንዳ በመተላለፊያው ስትመጣ ሲያያት ፊቱ ምንም አላለም። ዓይኑ ግን ወደ እጅ ሰዓቱ ሄደ።

"ስምንት ሰዓት ነው" አለ። "ባንዱ ዛሬ አልነበረም እንዴ የሚመጣው?"

"መጥቷል።"

"ሙከራውስ?"

"ይሄኔ ጀምረዋል።"

"አንቺ ሳትኖሪ?"

"እኔ ሳልኖር።"

ኤልመር ሻንጣውን ጠበቅ አደረገ። "ሚንዳ፣ አሁን ደግሞ አዝነሽልኝ ከሆነ የመጣሽው፣ በናትሽ ውረጂ። አሥር ወር የሰው አዘኔታ ይዤ አልሄድም። ቁጣሽን ብትሰጪኝ ይሻለኛል።"

"አላዘንኩልህም። አዝኜ ከሆነ ለራሴ ነው።" ከአጠገቡ ተቀመጠች። ከፊት ያለችው ሴትዮ ዞራ ልታያቸው ፈልጋ በመስታወቱ አየቻቸው። "ሰባት ሺህ አምፖል በእጄ ካላበራሁ ብዬ አንተን ዘጠኝ ዓመት ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኩህ። ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ሁሉ ይዤ፣ ማንም ሊሠራልኝ የማይችለውን በሰው ላክሁ። ስሕተቴ ይሄ ነው። አሁን ራሴ ነኝ የምነግርህ፣ ጉንፋንም የለብኝም። እሺ። አገባሃለሁ፣ ኤልመር። እሺ።"

ኤልመር ከንፈሩን ነከሰ። "ድገሚው" አለ።

"እሺ።"

"አንድ ጊዜ ደግሞ።"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

"አሁን ባሕር ላይ የምሰማውን አገኘሁ" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ሴትዮ፣ ትወርጃለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?" አለ ረዳቱ።

"እስከሚቀጥለው ከተማ" አለች ሚንዳ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ከመናኸሪያው ገና ሲወጡ ስልኳ ጠራ። ሁለቱም አዩት። ዶሪ ይላል። የሚንዳ እጅ በልማዱ ሄደ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ስልክ ሲጠራ እሷ ከምግብ ላይ ተነስታለች፣ ከቅዳሴ ወጥታለች፣ ከኤልመር ደረት ላይ ተነስታ ሄዳለች። እጇ ስልኩ ላይ ደርሶ ቆመ።

"አታነሺውም?"

"አላነሳም።"

"ፋኖሱ ጠፍቶ ቢሆንስ?"

"ዶሪ አለች" አለች ሚንዳ።

ስልኩ ጠርቶ፣ ጠርቶ፣ ዝም አለ። ኤልመር እጇን ይዞ ጣቷ ላይ የቀረውን ፕላስተር ቀስ ብሎ ይልጠው ጀመር፤ ዓይናቸው ግን ሁለቱም ስልኩ ላይ ነበር። አንድ ፌርማታ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ስልኩ እንደገና አልጠራም።

ሚንዳ ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።